«እ» ስንት ጊዜ ተባለ ወይስ የት ላይ ተባለ? ስለ መሙያ ቃላት ቁጥጥር የተሰጠ ምላሽ

በንግግር መካከል የሚሰነቀሩ መሙያ ቃላት ላይ ጥብቅ ቁጥጥር እንዲደረግ የሚጠይቀውንና ሰሞኑን በጅማ የንግግር ክበባችን አባላት እጅ የገባውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ በጥሞና አነበብኩት። ጸሐፊው በክበቡ ውስጥ ረጅም ጊዜ ከቆዩት አባላት አንዱ ናቸው፤ እኔንም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መድረክ ገፍተው ያወጡኝ እርሳቸው ስለሆኑ ምላሼን የምጽፈው ከአክብሮት ጋር ነው። ጽሑፋቸው በአጭሩ አምስት ነገሮችን ይላል። «እ» ማለት ያለመዘጋጀት ምልክት ነው፤ መሙያ ቃል ትርጉም ስለሌለው አድማጭን ከማሰልቸት በቀር ጥቅም የለውም፤ የውጭ አገር ክበቦች የሚሠሩበት የመቁጠሪያ ቅጽ ተተርጉሞ እንዳለ ሥራ ላይ ይዋል፤ ለእያንዳንዱ መሙያ ቃል ደወል ይደወል፣ ከሦስት ላለፈውም አንዳንድ ብር ቅጣት ይከፈል፤ በመጨረሻም በአማርኛ ንግግር ውስጥ የገባ የአፋን ኦሮሞም ሆነ የእንግሊዝኛ ቃል ሁሉ እንደ ስሕተት ይመዝገብ።

ላለፉት ሁለት ዓመታት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከፈረንጅ አራዳ ብዙም በማትርቀው የመሰብሰቢያ አዳራሻችን የኋላ ረድፍ ተቀምጬ የተናጋሪውን «እ» በብዕር ጭረት የምመዘግበው እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህን ምላሽ የምጽፈው ቆጠራ የጎዳው ሰው ሆኜ ሳይሆን ራሴ ቆጣሪ ሆኜ ነው። ቆጠራው ይቅር አልልም። የምለው፣ ቆጣሪው «ስንት ጊዜ» ከማለት አልፎ «የት ላይ፣ ከየትኛው ቃል በፊት» ብሎ እስካልመዘገበ ድረስ በስብሰባው መጨረሻ የሚያነበው ቁጥር ለተናጋሪው ምንም አይነግረውም ነው። የጽሑፉ አምስት ነጥቦችም፣ በእኔ አስተያየት፣ የሚሰናከሉት እዚህችው ላይ ነው።

የመጀመሪያውን እንመልከት። «እ» የሚል ሰው የሚናገረውን የማያውቅ ነው የሚለው አስተሳሰብ በብዙዎቻችን ዘንድ ያለ ነው፤ እኔም ቆጠራ ስጀምር እንደዚያ አምን ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1991 ስታንሊ ሻክተርና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ይህን እምነት ያናጋዋል። አጥኚዎቹ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሲያስተምሩ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የመሙያ ድምፆቻቸውን ቆጠሩ። የሥነ ጽሑፍና የመሳሰሉት ትምህርቶች መምህራን ከተፈጥሮ ሳይንስ መምህራን በልጠው ተገኙ። እነዚሁ መምህራን ከትምህርታቸው ውጭ ስለሆነ ጉዳይ ሲጠየቁ ግን ልዩነቱ ጠፋ። አጥኚዎቹ የሰጡት ማብራሪያ ቀላል ነው፤ የኬሚስትሪ መምህሩ ለአንድ ነገር የተቆረጠ አንድ ስም አለው፣ የሥነ ጽሑፍ መምህሩ ግን አንዱን ሐሳብ በብዙ መንገድ ሊለው ስለሚችል ከአማራጮቹ መካከል ሲመርጥ ጊዜ ይፈልጋል።

ይህንኑ በክበባችንም አይተነዋል። አንድ ቅዳሜ በእንግድነት የጋበዝናቸው የቡና ነጋዴ ስለ ጀንፈልና ስለ ታጠበ ቡና ሲናገሩ፣ ወደ ኩንታልና ወደ ዋጋ በገቡ ቁጥር አንደበታቸው እንደ ውኃ ይፈስስ ነበር፤ ወረቀቴ ላይ ጭረት አልነበረም። የቡናውን ጣዕም ለመግለጽ ሲሞክሩ ግን «እ… አፍ ላይ… እ… ይቆያል፤ እንደ… እ…» እያሉ ቆሙ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና የቀመሱ ሰው ስለ ቡና ጣዕም አያውቁም የሚል ደፋር ካለ ይነሣ። በወቅቱ ያነበብኩት ቁጥር ግን ዋጋውንና ጣዕሙን አንድ ላይ ደምሮ እንግዳችንን «ብዙ እ ያሉ ተናጋሪ» አድርጎ ሸኛቸው፤ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። ግቡ ዜሮ ወይም ሦስት መሆን አለበት የሚለውን በተመለከተም፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ሌላ ጥናት በእንግሊዝኛ የሚወያዩ ሰዎች ድግግሞሹንና ጀምሮ መተዉን ጨምሮ በየ100 ቃላቱ 6 ያህል ጊዜ እንደሚሰናከሉ አሳይቷል። ለዝግጅት ንግግር ቁጥሩ ማነሱ አይቀርም፤ በድንገተኛ ርዕስ ላይ ለሚናገር ሰው ግን ሦስትን ጣራ ማድረግ ከሰው ተፈጥሮ ጋር መጣላት ይመስለኛል።

መሙያ ቃል ትርጉም የለውም የሚለው ሁለተኛው ነጥብ ግማሽ እውነት አለው፤ ስለዚህም እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ኸርበርት ክላርክና ጂን ፎክስ ትሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት በእንግሊዝኛ ንግግር ውስጥ ሁለቱ የተለመዱ የማመንታት ድምፆች የተለያየ ሥራ እንዳላቸው አሳይተዋል፤ አንደኛው አጭር መዘግየትን፣ ሁለተኛው ረዘም ያለ መዘግየትን ያስታውቃል። በአጭሩ ድምፁ ለአድማጩ «አልጨረስኩም፣ ጥቂት ጠብቀኝ» ይለዋል። ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው ያልኩት፣ ይህ መልእክት የሚያስፈልገው በጭውውት ላይ በመሆኑ ነው። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት በተሰበሰበበት ዝም ያለ ሰው ተራውን ይነጠቃል። መድረክ ላይ ግን ተራችንን የሚነጥቀን የለም፤ ሰዓት ያዡ ቀዩን ካርድ እስኪያነሣ ድረስ ወለሉ የእኛ ነው። ስለዚህ መድረክ ላይ የሚሰማ «እ» ከቤቱ የወጣ ልማድ ነው፤ በዝምታ መተካት ይችላል፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ።

ሆኖም ዝምታውን የሚያከብድብን አንድ ነገር አለ። በእኛ አገር ወግ አድማጭ ዝም ብሎ አይሰማም። አንዱ ሲያወራ ሌላው «እህ»፣ «እሺ»፣ «ከዚያስ?» ይላል፤ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ መስማማቱን ይገልጻል፤ ተረት እንኳ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ካልተባለ አይጀመርም። ተናጋሪው የሚያርፈው በአድማጩ ድምፅ ላይ ነው። በአዳራሻችን ግን አድማጩ እጁን አጣምሮ እንደ ሐውልት እንዲቀመጥ አስተምረነዋል። አድማጩ ይሞላው የነበረውን ባዶ ቦታ አሁን ተናጋሪው ራሱ «እ» ብሎ ይሞላዋል። ይህን ያላገናዘበ ቆጣሪ የአድማጩን ዕዳ በተናጋሪው ስም ይመዘግባል።

ከ«እ» ይልቅ የእኛ እውነተኛ ችግር «ማለት ነው» ነው፤ የሚገርመው ግን የጸሐፊው ጽሑፍ በአንድ መስመር ብቻ አልፎታል። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ የሚያኖር ቋንቋ ነው። ተናጋሪው «ዝናቡ ዘግይቶ፣ አበባው ረግፎ፣ ገበሬው ማሳውን ትቶ፣ ልጆቹን ይዞ…» እያለ ቦዝ አንቀጽ በቦዝ አንቀጽ ላይ ሲደራርብ ማሰሪያው ከእጁ ያመልጠዋል። ያን ጊዜ የሚጨብጠው የቅርቡ ገመድ «ማለት ነው» ይሆናል። ነገር ግን «ማለት ነው» ሁሉ መሙያ አይደለም። «ጀንፈል ማለት ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና ማለት ነው» ያለ ሰው ትርጉም ሰጠ እንጂ አልሞላም። «ዝናቡ ዘግይቷል፤ ዘንድሮ ምርቱም ይዘገያል ማለት ነው» ያለ ሰው ከታየው ነገር ተነሥቶ ድምዳሜ ላይ ደረሰ። «ትናንት አጋሮ ሄጄ ነበር ማለት ነው፤ እዚያም ጓደኛዬን አገኘሁት ማለት ነው» ያለው ግን ቀድሞ የታሰረውን ዓረፍተ ነገር እንደገና አሰረ። በጽሑፉ በተጠየቀው መንገድ ብንቆጥር ሦስቱም አንድ አንድ ጭረት ያገኛሉ፤ የመጀመሪያው ተናጋሪ በትክክል ስለተናገረ ይቀጣል።

አንድ መምህር አባላችን ለወራት «ማለት ነው ይበዛብዎታል» ሲባሉ ቆይተዋል። ቁጥሩ ሲነበብላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ይቀበላሉ፤ በሚቀጥለው ንግግራቸው ግን ለውጥ አይታይም። አንድ ቀን ከቁጥሩ ይልቅ ቦታውን ጻፍኩላቸው። ሁሉም ለማለት ይቻላል ከሦስተኛው ቦዝ አንቀጽ በኋላ የመጡ ነበሩ። «ጋሼ፣ ከሁለተኛው በኋላ ዓረፍተ ነገሩን ይዝጉት፤ ሦስተኛውን በአዲስ ዓረፍተ ነገር ይጀምሩት» አልኳቸው። ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ወዲህ ባደረጓቸው ሁለት ንግግሮች ባዶውን «ማለት ነው» የሰማሁባቸው አልፎ አልፎ ብቻ ነው፤ ለውጡን ያመጣው ደግሞ ስለ «ማለት ነው» የተሰጠ ምክር ሳይሆን ስለ ዓረፍተ ነገር ርዝመት የተሰጠ ምክር ነው።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ስንሄድ፣ ጸሐፊው የውጭውን ቅጽ እንደ ሕግ መጥቀሳቸው ታሪኩን በጥቂቱ እንድናነሣ ያስገድደናል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው የንግግር ክበቦች ድርጅት፣ ቶስትማስተርስ ኢንተርናሽናል፣ መነሻው፣ ራልፍ ስሜድሊ እ.ኤ.አ. በ1924 በካሊፎርኒያ፣ በሳንታ አና ከተማ በሚገኘው ወወክማ የመሠረተው ክበብ ነው። በዚያ ሥርዓት መሙያ ድምፆችን የሚቆጥረው ሰውና የሰዋስው ታዛቢው ሁለት የተለያዩ ኃላፊዎች ናቸው። የሰዋስው ታዛቢው ለዕለቱ አንድ አዲስ ቃል ያስተዋውቃል፤ የተሳሳተውን ብቻ ሳይሆን ያማረውን አገላለጽም መዝግቦ በመጨረሻ ያነሣል። ደወል መደወልና ሳንቲም ማስከፈል በአንዳንድ ክበቦች የታየ ልማድ ነው እንጂ የሥራው ዋና አካል አይደለም። ጸሐፊው ሁለቱን ኃላፊዎች በአንድ ወንበር ሲያስቀምጡ የማመስገኑ ግማሽ ሥራ መንገድ ላይ ቀረ። በዚያ ላይ ተጠባባቂ የሰዋስው ታዛቢ ቢኖረን ኖሮ ጽሑፉ ሳይባዛ በፊት ሁለት ቦታ ላይ «ቃላቶች» የሚለውን አይቶ «ቃላት» ራሱ ብዙ ቁጥር ስለሆነ «ኦች» አያስፈልገውም ባለ ነበር። (ይህን የማነሣው ለነገር ሳይሆን፣ «መምህራኖች» እና «ሕፃናቶች» በክበባችን በየሳምንቱ ሲያልፉ ደወል ያሰማ ሰው ስለሌለ ነው።)

ቅጹ እንዳለ ይተርጎም የሚለውም አያስኬድም። የእንግሊዝኛው ዝርዝር «እና» የሚለውን አያያዥ ያለ ቦታው ሲደጋገም ይቆጥራል፤ በእኛ ዘንድ ግን የሚያያይዘው ብዙ ጊዜ ከግሱ ጫፍ ላይ የምትለጠፈው «ና» ናት፤ እርሷን ማን ይቆጥራታል? በሌላ በኩል «ያው»፣ «በቃ»፣ «ምናምን»፣ «እንትን»፣ «ምን ይባላል» በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። «እንትን» ደግሞ ከሌሎቹ የተለየች ናት፤ ስሙ የጠፋበት ሰው ስሙን እስኪያገኝ በቦታው የሚያቆማት ወኪል ናትና የምትነግረን ሰውዬው አንድ የተወሰነ ቃል እንዳጣ ነው። ያንን ቃል ፈልጎ መስጠት ከመቁጠር ይሻላል። ከሁሉ በላይ ግን ከረባት ያሰሩ መሙያዎች አሉን። «ከዚህ አንጻር»፣ «ከዚህ አኳያ»፣ «እንደሚታወቀው»፣ «በዋናነት» የሚሉት በስብሰባ ቋንቋ ስለሚከበሩ ማንም «እ» አይላቸውም፤ አውጥተን ብናያቸው ግን አብዛኞቹ ከ«እ» የሚለዩት በርዝመታቸው ብቻ ነው። የጸሐፊው ቅጽ እነዚህን በነጻ ያሳልፋቸዋል።

አራተኛው የደወሉና የቅጣቱ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ ያሳተሙት አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። ተሳታፊዎቹ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ ተነገራቸው፤ ድቡ በታሰባቸው ቁጥርም ደወል እንዲደውሉ ታዘዙ። ደወሉ መደወሉን አላቋረጠም፤ በኋላ እንዲያስቡ ሲነገራቸው ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲያስቡ ከተነገራቸው ሰዎች በልጠው ስለ ድቡ አሰቡ። ሙከራው ስለ ሐሳብ እንጂ ስለ አንደበት አይደለምና ነገሩን ከሚገባው በላይ መለጠጥ አልፈልግም። ነገር ግን «እ እንዳትል» ተብሎ መድረክ ላይ የወጣ ሰው ከንግግሩ ይልቅ ስለ «እ» ሲያስብ እንደሚታይ በዐይኔ ምስክር ነኝ።

ምስክርነቴን የምሰጠው በራሴ ጥፋት ነው። ቆጣሪ ሆኜ በጀመርኩባቸው ወራት ክበባችን ደወል ነበረው፤ የሚደውለውም እኔ ነበርኩ። አንድ የጤና ተማሪ የመጀመሪያ ንግግሩን ሊያደርግ ወጣ። ገና ራሱን ሳያስተዋውቅ «እ… እ…» ሲል ደወልኩ። ቀጠለ፤ ደወልኩ። በአራተኛው ደወል «ይቅርታ» ብሎ ወረደና ቦታው ተቀመጠ። ለሁለት ወር ያህል አልመጣም። በኋላ ሲነግረኝ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚንተባተብ ሰው መሆኑን፣ ስሙ የሚጀምርበት ፊደል ጉሮሮው ላይ እንደሚቆለፍበትና «እ» ማለት ቁልፉን ለመክፈት ራሱ የፈለሰፈው ዘዴ መሆኑን አወቅኩ። ከአዋቂዎች 1 በመቶ ያህሉ ይንተባተባሉ፤ አርባ ሰው በሚገባበት አዳራሽ አንድ ሰው መገኘቱ የሚያስደንቅ አይደለም። የመንተባተብን ድምፅ ከልማድ «እ» የሚለይ ደወል አላውቅም። ጆሮ ግን ቦታውን ካስተዋለ ይለየዋል፤ የልጁ «እ» የሚመጣው ሁልጊዜ በተወሰኑ ድምፆች ፊት ነበር፤ ያኔ ብጽፈው ኖሮ ከወረቀቱ ላይ አየው ነበር።

ስለ ቅጣቱ ብዙ አልልም። አንድ ብር የከፈለ ሰው «እ»ውን ገዝቷል ማለት ነው። (ይህ «ማለት ነው» ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ እንዳይቆጠርብኝ።) ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ደግሞ ቆጣሪው ግማሹን አይሰማም፤ በሐምሌ የተናገረ ሰው በጥር ከተናገረው ያነሰ ሊቀጣ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ጅማን የዘነጋ ነው። ሂርማታ ገበያ ውስጥ ዋጋ በአንዱ ቋንቋ ተጀምሮ በሌላው ይጠናቀቃል፤ ሻጩም ገዢውም አልተሳሳቱም። አባሎቻችን ከኪቶ ፉርዲሳ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ተማሪ እስከ መንደራ ሰፈር ባለሱቅ ድረስ አብዛኞቹ ሁለት፣ አንዳንዶቹም ሦስት ቋንቋ ይዘው ወደ አዳራሹ ይገባሉ። አማርኛችን ራሱ «ጉዲፈቻ»ን ከአፋን ኦሮሞ፣ «መኪና»ን ከጣልያንኛ ወስዷል፤ የመጀመሪያው በቤተሰብ ሕጋችን ውስጥ ሳይቀር ተቀምጧል። ሁለቱንም እንደ ስሕተት እንመዝግብ? እኔ የምለየው ቃሉ የመጣበትን ቋንቋ ሳይሆን የሚሠራውን ሥራ ነው። «ጃርሱማ» ያለ ተናጋሪ በአማርኛ «ሽምግልና» ቢል የሚጎድልበትን ነገር አስቦ መርጧል። ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ በ«ኤጋ» የሚጀምርና በ«ጄቹዳ» የሚዘጋ ተናጋሪ ግን «እንግዲህ» እና «ማለት ነው» ከሚያበዛው ወንድሙ ጋር አንድ ልማድ አለው፤ ምክሩም አንድ ነው። «ሶ»፣ «ላይክ» እና «አክቹዋሊ» የሚያበዙ ወጣቶቻችንን በተመለከተ ጸሐፊው የተሰማቸው ድካም ይገባኛል፤ እኔም ይደክመኛል። ይመዝገብ፤ ነገር ግን እንግሊዝኛ ስለሆነ ሳይሆን ባዶ ስለሆነ ይመዝገብ።

ከጽሑፉ ያለ ክርክር የምቀበለው አንድ ሐሳብ አለ፤ እያንዳንዱ አባል ንግግሩን በስልኩ ቀድቶ ቤቱ ያዳምጥ የሚለው ነው። ራሱን የሰማ ሰው ቆጣሪ አይጠብቅም። በእኔ በኩል ደግሞ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስት ዓምድ ያለው ቅጽ አዘጋጅቻለሁ፤ መሙያው፣ ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው ቃልና ከእርሱ በፊት የነበረው አንቀጽ የሚጻፉበት ነው። ወረቀቱ በይፋ አይነበብም፤ ለተናጋሪው በእጁ ይሰጠዋል። በዕለቱ ተናጋሪ ከሆኑት አንዱ የጽሑፉ ባለቤት ስለሆኑ፣ ፈቃዳቸው ከሆነ የመጀመሪያውን ወረቀት ለእርሳቸው ብሰጥ ደስ ይለኛል፤ እርሳቸውም የእኔን ቢመዘግቡልኝ እንዲሁ። ደወሉ እስከዚያው ድረስ በአዳራሹ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ይቆያል፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው።